ሰንጢ በአንድ እጅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ለእጅ መሣሪያ ዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋሉ፦ አንዱ እጅ ገመድ፣ ሽቦ ወይም ቅርንጫፍ ይዞ ሳለ ሰንጢን በሌላው እጅ ብቻ ቶሎ መክፈት የሚቻለው እንዴት ነው? ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ቃል እንዳያምታታን፣ ከዚህ በታች «አፍ» የምንለው የሚቆርጠውን የስለቱን ጠርዝ፣ «ጀርባ» የምንለው ወፍራሙንና የማይቆርጠውን ጎን፣ «ተረከዝ» የምንለው ደግሞ ማጠፊያው አጠገብ ያለውን ያልተሳለ ክፍል ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። መሰላል ላይ ሆኜ በግራ እጄ ኬብል ስይዝ በቀኜ የምከፍተው፣ ስለቱ ላይ ትንሽ ጉጥ ያለው ሰንጢ ገዛሁ። ሻጩ ሲያሳየኝ «ጠቅ» አድርጎ ከፈተው። እኔ ስሞክር ግን ወይ ንቅንቅ አይልም፣ ወይ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። አውራ ጣቴም ተላጠ። ጥፋቱ የሰንጢው ነው ወይስ የኔ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች ምክንያታቸው ለየቅል ነው። ንቅንቅ አለማለቱ ብዙ ጊዜ የአራቱ ጣቶች ጥፋት ነው፤ ግማሽ ላይ መቆሙ ደግሞ ሰንጢውን ዝቅ አድርጎ ከመያዝ ይመጣል። አውራ ጣትዎ በሁለቱም ጥፋት የለበትም፤ የሚቀጣው ግን እሱ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሰንጢ እጀታው ውስጥ ከጎን የተለጠፈ ቀጭን ብረት አለው። ስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ይህ ብረት ወደ መሃል ይወረወርና ከተረከዙ ኋላ ገብቶ ይቆልፈዋል። «የጎን ቆላፊ» እንበለው። ብረቱ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ኳስ ተተክላለች። ሰንጢው ሲዘጋ ኳሷ ስለቱ ላይ የተሰረሰረች ጉድጓድ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ኪስ ውስጥ በራሱ እንዳይከፈት የምታደርገው እሷ ናት። እንግዲህ ቀኝ እጅዎ ሰንጢውን ሲይዝ አራቱ ጣቶች የሚያርፉት በዚያው በቆላፊው በኩል ነው። ጠበቅ አድርገው በያዙ ቁጥር ብረቱን ወደ ስለቱ ይገፉታል፣ ኳሷም ጉድጓዷ ውስጥ የባሰ ትቸነከራለች። አውራ ጣት ሊከፍት ይገፋል፣ አራቱ ጣቶች እንዳይከፈት ይይዛሉ። ቆላፊው የእጀታው ግማሽ ብረት ራሱ የሆነባቸው ሰንጢዎች ላይ ይህ ችግር ይብሳል፤ ጣትዎ በቀጥታ ቆላፊውን ነውና የሚጫነው።

ስለዚህ ሰንጢውን በመዳፍዎ አይጨብጡት፤ ጣቶችዎ ላይ አስተኙት። ማጠፊያው ወደ ላይ፣ ኪስ ላይ የሚሰካው ክሊፕ ወደ ጣቶችዎ ይሁን። ሌባ ጣትና መሃል ጣት ክሊፑን ወይም የእጀታውን ጠርዝ ይደገፉ እንጂ ማጠፊያው አጠገብ ያለውን ብረት አይጫኑ። የጣቶችዎ ጫፍ ስለቱ የሚወጣበትን ስንጥቅ አይሻገር። አውራ ጣትዎን አጥፈው የጫፉን ሥጋ ጉጡ ላይ ያሳርፉ። አሁን ጉጡን ወደ ስለቱ ሆድ አይጫኑት፤ ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ትርፉም ስለቱን ከሌላኛው ጎን ጋር ማፋተግ ብቻ ነው። ጉጡ የሚሄድበት መንገድ ቅስት ነው፦ መጀመሪያ ከእጀታው ወደ ውጭ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ። አውራ ጣት ታጥፎ ይጀምራል፣ ተዘርግቶ ይጨርሳል።

ግማሽ ላይ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። እጀታውን ዝቅ ብለው ከያዙት አውራ ጣትዎ ጉጡ ላይ ሲደርስ ገና ከመጀመሪያው ተዘርግቶ አልቋል፤ የቀረው ጉዞ የለውም። ማጠፊያው ከሌባ ጣትዎ በላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ እስኪወጣ እጅዎን ወደ ላይ ያስጠጉ። ይህን ብቻ አስተካክሎ ችግሩ የሚለቀው ሰው ብዙ ነው።

የሻጩ «ጠቅ» ምስጢር እዚያችው ኳስ ላይ ነው። አውራ ጣት ኳሷ እስክትለቅ ድረስ ኃይል ያጠራቅማል፤ ስትለቅ ያ ኃይል በአንዴ ወጥቶ ስለቱን ያስፈነጥረዋል። ይህን የሚማሩት ግን ቀስ ብሎ መክፈቱን ከለመዱ በኋላ ይሁን። ልምምዱን መሰላል ላይ አይጀምሩት፤ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ያንጥፉ፣ አፉን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ሁለት ዙር ይሸፍኑ፣ በዝግታ 20 ጊዜ ይክፈቱ። ቢያመልጥዎ ይውደቅ! የሚወድቅ ሰንጢ አይቀለብም።

ከተከፈተ በኋላ ከመቁረጥዎ በፊት ቆላፊውን በዓይንዎ ይዩ። የብረቱ ጫፍ ከተረከዙ ስፋት ሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን ይዞ መቆም አለበት። ጠርዙን ብቻ ነክቶ ከቆመ ሰንጢው በሥራ መሃል ጣትዎ ላይ ሊታጠፍ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ለሻጩ ይመልሱ።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። አውራ ጣት ሳልጠቀም እጄን ወርወር አድርጌ ብቻ እከፍታለሁ፤ ለዚህ ብዬ የማጠፊያውን ብሎን አላላሁት። ጓደኞቼ ሰንጢውን ትሰብረዋለህ ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጓደኞችህ ልክ ናቸው፤ ቀድሞ የሚሄደው ግን ስለቱ አይደለም። ስለቱ ሲከፈት የሚያቆመው እጀታው ውስጥ የተተከለ አንድ ቀጭን እንብርት ብረት ነው። በወረወርከው ቁጥር ስለቱ ያንን ብረት እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ቆላፊውም ተረከዙን እየፈገፈገ ያልቃል። ከጊዜ በኋላ የተከፈተው ስለት ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፣ ይህም ብሎን በማጥበቅ የሚድን በሽታ አይደለም። የላላው ብሎን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ስለቱ ሲዘጋ ወደ ጎን ያዘነብልና አፉ የእጀታውን ውስጥ ይነካል፤ ሰንጢህ ወደ ጫፉ አካባቢ ብቻ ቶሎ የሚደነዝዝብህ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ብርጭቆ እንኳ በላብ እጅ ያመልጣል። ብሎኑን አጥብቀህ በአውራ ጣትህ ክፈት።

ጥያቄ፦ ባለ ጉጥ፣ ባለ ቀዳዳ፣ ከጀርባ ቀንድ ያለው፤ ሱቅ ስገባ ሦስቱንም አየሁ። እኔ የአትክልት ሥራ ላይ ነኝ፣ ጓንት አደርጋለሁ፣ እጄም ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። የቱ ይሻለኛል? (ከሆለታ)

መልስ፦ ለጓንትና ለእርጥብ እጅ ባለ ቀዳዳው። ሳንጠራጠር።

ቀዳዳው ስለቱ ላይ የተበሳ ክብ ነው። የአውራ ጣት ሥጋ ሲጫነው በትንሹ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ጠርዙን ይነክሳል፤ ስለዚህ አይንሸራተትም። አሠራሩን ያስተዋወቀው የአሜሪካው ሰንጢ አምራች ስፓይደርኮ በ1981 ባወጣው ሰንጢ ሲሆን፣ ኪስ ጠርዝ ላይ የሚሰካውም ክሊፕ የመጣው በዚያው ሰንጢ ነው። ከሁለቱም ጎን የሚሠራ መሆኑ ሌላ ጥቅሙ ነው። አውራ ጣት ቢቆስል ወይም ጭቃ ቢነካ ሰንጢውን አዙሮ በመሃል ጣት ከሌላው ጎን መግፋት ይቻላል። እንከኑ አለው፦ ቀዳዳው ቦታ ስለሚፈልግ ስለቱ ጀርባው ላይ ጉብታ ያወጣል፣ ኪስ ውስጥም ይሰፋል።

ጉጡ ርካሽ ነው፣ ለባዶ እጅ በቂ ነው። ግን ከኪስ ሲወጣ ክር ይይዛል፣ ወፍራም ነገር ሲቆርጡም መንገድ ላይ ይቆማል፤ ካሮት በጉጥ ሰንጢ ለመቁረጥ የሞከረ ያውቀዋል።

ቀንዱ የተዘጋው ስለት ተረከዝ ከእጀታው ጀርባ ሾልኮ የወጣበት ነው። በፍጥነት ሁለቱንም ያስከነዳል፤ ለመክፈት አውራ ጣት ጭራሽ አያስፈልግም። ሌባ ጣትን ቀንዱ ላይ አድርገው ወደ እጀታው መጨረሻ አቅጣጫ በቀጥታ ይስባሉ፣ ልክ የጠመንጃ ምላጭ እንደሚሳብ። ወደ ጎን ከተጫኑት አይነሳም። ቀስ ብለው ከጀመሩትም ግማሽ ላይ ይቀራል፤ ቀንድ ኃይሉን የሚያገኘው ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው። ሲከፈት ቀንዱ ዞሮ ከሌባ ጣት ፊት ይቆማል፣ እጅ ወደ አፉ እንዳይንሸራተት ይከላከላል። ለእርጥብ እጅ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ጓንትዎ ስስ ከሆነ ሁለተኛ ምርጫዎ ይሁን።

አራተኛም አለ፦ ስለቱ ጀርባ ላይ መንጠቆ ያለው፣ ከኪስ ሲመዘዝ መንጠቆው የኪሱን ጠርዝ ይዞ ሰንጢው እየወጣ ሳለ የሚከፈት። ለአትክልት ሥራ የሚተርፈው ነገር የተቀደደ ሱሪ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በስትሮክ ምክንያት ግራ እጃቸው አይሠራም። ብርቱካን፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የማዳበሪያ ከረጢት አፍ ራሳቸው መክፈት ይፈልጋሉ። ሰንጢ ሲከፍቱ በጥርሳቸው ይዘው ነው፤ ሲዘጉ ደግሞ ጭናቸው ላይ አስደግፈው። ሁለቱንም ሳይ እፈራለሁ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ይበልጥ ሊያስፈራዎት የሚገባው ግን መዝጋቱ ነው። ሰንጢ በአንድ እጅ ሲከፈት ስለቱ ከጣት እየራቀ ይሄዳል፤ ሲዘጋ ወደ ጣት ይመጣል።

ለአባትዎ የጎን ቆላፊ ያለውን አንመክርም። እሱን በአንድ እጅ ለመዝጋት አውራ ጣት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ብረቱን ወደ ጎን ይገፋል፤ በዚያች ቅጽበት አውራ ጣት የተቀመጠው አፉ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። ጤነኛ እጅ ስለቱ ትንሽ እንደታጠፈ አውራ ጣቱን ቶሎ ያወጣል። የደከመ ወይም የሚንቀጠቀጥ እጅ ላያወጣ ይችላል።

የሚሻለው በእጀታው ሁለት ጎን ብቅ የምትል አግዳሚ ዘንግ ያለው ነው። ይህን ቆላፊ ቤንችሜድ የተባለው የአሜሪካ አምራች በ1998 ገበያ ላይ አዋለው፤ ዛሬ በተለያየ ስም ብዙዎች፣ በርካሽም ጭምር ይሠሩታል። ዘንጓን ሁለት የሽቦ ሞላዎች ወደ ፊት ይገፏታል፤ ከተረከዙ ላይ ገብታ ትቆልፋለች። ለመዝጋት አውራ ጣትና መሃል ጣት ከሁለቱ ጎን ዘንጓን ይዘው ወደ ኋላ ይስባሉ፤ ጣት ስንጥቁ ውስጥ የሚገባበት አንዳች ምክንያት የለም። ዘንጓ ስትሳብ ስለቱ ነጻ ይወዛወዛል። የሰንጢውን ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርገው አንጓቸውን በዝግታ ሲያዞሩ ስለቱ በራሱ ክብደት ይታጠፋል። ግማሽ ሲደርስ ዘንጓን ይልቀቁና የስለቱን ጀርባ በሌባ ጣት ገፍተው ይጨርሱት። ለመክፈት ደግሞ ዘንጓን መንካት ሳያስፈልግ በጉጡ ወይም በቀዳዳው ብቻ።

ሲገዙ ሦስት ነገር ያስተውሉ። ስለቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይብቃ፤ ረጅም ስለት በአንድ እጅ ሲታጠፍ ሚዛን ይስታል። ጫፉ ሹል ሳይሆን እንደ በግ ኮቴ ደፈን ያለ ይሁን፣ የፍራፍሬና የከረጢት ሥራ ሹል ጫፍ አይፈልግም። እጀታው ላስቲክ ወይም ሻካራ ፕላስቲክ ይሁን፤ የተወለወለ ብረት ብርቱካን በነካው እጅ ያሙለጨልጫል።

የጭኑ ነገር መቅረት አለበት። በተለይ ጀርባውን ጭን ላይ ተጭኖ ቆላፊውን መልቀቅ፤ ስለቱ በኃይል ይመጣና እጀታውን የያዙትን ጣቶች ያገኛል። የጥርሱንማ ምን ብለን እንመልስ! በተረፈ ለብርቱካኑና ለሸንኮራው አንድ ርካሽ ዘዴ አለ፦ መክተፊያ እንጨት ላይ ከሥር ወደ ላይ ሁለት የማይዝጉ ምስማሮች በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይምቱ፣ ከእንጨቱ በታች እርጥብ ጨርቅ ያንጥፉ። ፍሬው ምስማሮቹ ላይ ተሰክቶ ይቆማል፣ የሚሠራው እጅ ሰንጢ ብቻ ይይዛል። ሲጨርሱ ምስማሮቹን በቡሽ ይሸፍኑ።

ጥያቄ፦ ዘመድ ከፈረንሳይ የእንጨት እጀታና የሚዞር የብረት ቀለበት ያለው ሰንጢ አመጣልኝ፣ ኦፒኔል ቁጥር 8። በጋውን በሰላም ከረመ፤ ሐምሌ ላይ ግን ስለቱ እንጨቱ ውስጥ ነክሶ ቀረ። ጥፍሬ እስኪሰበር ታገልኩት። በአንድ እጅስ ይከፈታል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጥፍርዎን ይተዉት። የዚህ ሰንጢ አገር ሳቮይ ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ በአልፕስ ተራሮች ሥር፤ ከ1890 ጀምሮ ይሠራል። እዚያም እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ይነክሳል፤ የሳቮይ ገበሬዎችም ለዚህ የታወቀ መፍትሔ አላቸው። ቀለበቱን የተሰነጠቀው ክፍሉ ከስለቱ ጋር እስኪገጥም ያዙሩ፤ ሰንጢው ነጻ የሚሆነው ያኔ ነው። ከዚያ እጀታውን መሃሉ ላይ ይዘው የኋላ ጫፉን፣ ማለትም ከማጠፊያው ተቃራኒ ያለውን፣ ጠረጴዛ ወይም ድንጋይ ላይ አንዴ ጠበቅ አድርገው ይምቱት። እጀታው ሲቆም ስለቱ ጉዞውን ይቀጥልና ጫፉ ከእንጨቱ ብቅ ይላል። ጣቶችዎ ስንጥቁ ላይ እንዳይሆኑ ብቻ ይጠንቀቁ።

ከዚያ በአውራ ጣት ጀርባውን ገፍቶ መጨረስ ይቻላል፤ ስለዚህ በአንድ እጅ ይከፈታል ማለት ነው። ግን ከ1955 ጀምሮ ያለው ቀለበት ካልተዞረ ስለቱን የሚያቆም ነገር የለም። ቀለበቱን በዚያው እጅ አውራ ጣት ማዞር የሚችል አለ፤ ካልቻሉ ቆላፊ እንደሌለው ይቁጠሩትና በጫፉ አይውጉበት።

ለዘለቄታው እንጨቱን ማድረቅ ነው። እሳት ዳር አያስጠጉት፣ ይሰነጠቃል። ከፍተው ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ያኑሩት። ሲደርቅ ስንጥቁን በጣም በላመ የብርጭቆ ወረቀት ያለዝቡት፤ ወረቀቱን የስልክ ካርድ ላይ ጠቅልለው አሥር ጊዜ ያህል መሳብ ይበቃል፣ ከበዛ በጋ ላይ ስለቱ ይላላል። መጨረሻ ላይ ማጠፊያው አካባቢ ያለውን እንጨት ቀልጦ በቀዘቀዘ ሰም ያሹት። ሰም እርጥበቱን ጨርሶ ባያግደውም ያዘገየዋል።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ቆላፊ የሌለው፣ ሞላ ብቻ ያለውና በጥፍር ጎድጓዳ የሚከፈተው ተራው ሰንጢ በአንድ እጅ ይከፈት እንደሆነ ሌሎች ሦስት አንባቢዎች ጠይቀዋል። ስለቱን በአውራና በሌባ ጣት ቆንጥጦ እጀታውን በቀሩት ጣቶች መግፋት ይቻላል፤ ቢያመልጥ ግን ሞላው ስለቱን በሙሉ ኃይሉ መልሶ ይዘጋዋል፣ ያን ጊዜ የጣቶችዎ ጫፍ ያለው ስንጥቁ ላይ ነው። አይሞክሩት። የስዊስ ጦር እንኳ የወታደሩን ሰንጢ በአንድ እጅ የሚከፈት ማድረግ ሲፈልግ በ2008ቱ ሞዴል ስለቱን አስበስቶ ቆላፊ አስጨመረለት እንጂ ወታደሩን ቆንጥጠህ ክፈት አላለውም።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ረዳት ነኝ። ሰንጢዬ አዲስ እያለ ይበር ነበር፤ አሁን ሲከፈት አሸዋ እንደሚፈጭ ይንቋቋል። የምግብ ዘይት ሳደርግበት ለሳምንት ተሻለው፣ አሁን ከበፊቱ ብሷል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የምግብ ዘይት አየር ሲያገኝ ይወፍርና ሙጫ ይሆናል፤ የድስት ክዳን ጠርዝ ላይ ያለውን ቢጫ ልጣጭ ያስታውሱ። አቧራው ያ ሙጫ ላይ ተለጥፎ አሁን ማጠፊያዎ ውስጥ ያለው የብርጭቆ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ፍጥነት የጣት ብቻ አይደለም፤ የቆሸሸ ማጠፊያ የሠለጠነ አውራ ጣትንም ያሸንፋል።

ሳይፈቱት ይጀምሩ። ሰንጢውን ከፍተው ለብ ያለ ውኃና ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ውስጥ ይንከሩ፤ ውኃው ውስጥ እያለ በጥንቃቄ 20 ጊዜ ያህል ይክፈቱ ይዝጉ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስንጥቁንና ማጠፊያውን ይፈትጉ፣ ጥጉን በስቴኪኒ ያጽዱ። የኳሷን ጉድጓድ አይርሱ፤ እዚያ የተቀመጠች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሰንጢው ኪስ ውስጥ እንዲከፈት ታደርጋለች። ሙጫው ካልለቀቀ ትንሽ ላምባ ይጨምሩበትና እንደገና በሳሙና ይጠቡት። ከዚያ ጎሚስታ ዘንድ ይሂዱና በኮምፕሬሰር ያስነፉት፤ ዓይንዎን ዞር አድርገው፣ ስለቱ ተከፍቶና ተቆልፎ። ጎሚስታው ገንዘብ አይጠይቅዎትም፣ ቢጠይቅም ከአዲስ ሰንጢ ይረክሳል።

ሲደርቅ የስፌት መኪና ዘይት፦ በማጠፊያው በእያንዳንዱ ጎን አንድ ጠብታ፣ በመርፌ ጫፍ። ሁለት አይበል። አሥር ጊዜ ከፍተው ዘግተው የተረፈውን በጨርቅ ይጥረጉ፤ ውጭ የቀረ ዘይት ለድሬዳዋ አቧራ ግብዣ ነው። ግሪስ ደግሞ ለመኪናዎ ይቆይ፤ ስለቱን ያዘገየዋል።

አሁንም ከከበደ ወደ ብሎኑ እንምጣ። አብዛኛው ሰንጢ የሚፈታው በባለ ኮከብ ጭንቅላት ካቻቢቴ ነው፤ መጠኑም የማጠፊያው ብዙ ጊዜ ቲ 8፣ የእጀታዎቹ ቲ 6። ተቀራራቢ ቁልፍ አስገድዶ የከተተ ሰው የብሎኑን ጭንቅላት ይበላና ሰንጢው ለዘላለም እንደዚያው ይቀራል። ሰንጢውን ከፍተው ቆልፈው የስለቱን ጀርባ ይያዙና ግራና ቀኝ ይነቅንቁት። ወደ ጎን ከተነቃነቀ ብሎኑን መነቃነቁ እስኪጠፋ ድረስ ያጥብቁ፤ ከከበደ ከአንድ ሙሉ ዙር ስምንተኛውን ያህል ብቻ ያላሉ፣ ይሞክሩ፣ እንደገና። ትክክለኛው ቦታ አውራ ጣት ሲገፋው ያለ ሸካራነት የሚሄድበት፣ ወደ ጎን ግን የማይነቃነቅበት ነው፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመኪናው ንዝረት እየላላ ካስቸገረዎት ብሎኑን አውጥተው ጥርሱ ላይ በስቴኪኒ ጫፍ የጥፍር ቀለም ነክተው ይመልሱት። ቀለሙ ወደ ሮንዴላዎቹ ከፈሰሰ ግን ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ ይዞ መንቀሳቀስ በሕግ ያስጠይቃል? (ከፍራንክፈርት፣ ከለንደን፣ ከኔታንያና ከዲሲ አካባቢ የመጡ አራት ጥያቄዎች ተጠቃለው)

መልስ፦ አዎ፣ እንደየአገሩ። የሚገርመው የሠራተኛ ምቾት ያልነው ነገር ራሱ ብዙ ቦታ የክሱ ምክንያት መሆኑ ነው።

ጀርመን ውስጥ ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ሰንጢ በአደባባይ ይዞ መገኘት ክልክል ነው፤ የስለቱ ማጠር አያድንም። ለሥራ ወይም ለሌላ ተቀባይነት ላለው ዓላማ ሲሆን ይፈቀዳል፤ «ምናልባት ያስፈልገኛል» የሚለው ግን ከዚህ አይቆጠርም። በተቆለፈ ዕቃ ውስጥ ማጓጓዝ ይቻላል።

ብሪታንያ ውስጥ ያለ ምክንያት መያዝ የሚፈቀደው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍ፣ አፉ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ብቻ ነው። ከላይ ያሞገስናቸው ቆላፊ ያላቸው ሁሉ ለንደን ላይ በቂ ምክንያት ይጠየቅባቸዋል። በቁልፍ ተስፈንጥሮ የሚከፈተው ደግሞ ከ1959 ጀምሮ የታገደ ነው።

የእስራኤል ሕግ ከ«ቢላዋ» ትርጉም የሚያወጣው ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ የሚታጠፍና በሞላም ሆነ በሌላ መንገድ ቀጥ ብሎ የማይቆለፍ ሰንጢን ነው። የሚቆለፈው ከዚህ ውጭ ስለሆነ ለሕጋዊ ዓላማ እንደያዙት ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።

አሜሪካ ውስጥ የ1958ቱ የፌዴራል ሕግ የሚመለከተው በዋናነት በግዛቶች መካከል የሚደረገውን የተስፈንጣሪ ሰንጢ ንግድ ነው፤ በ2009 በተደረገ ማሻሻያ ለመክፈት ስለቱን በእጅ መግፋት የሚጠይቁትና ወደ መዘጋት የሚያደሉት ከዚያ ወጥተዋል። ይዞ መንቀሳቀሱ ግን የየግዛቱና የየከተማው ጉዳይ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ እስከ 2019 ድረስ ፖሊሱ ሰንጢውን ወርወር አድርጎ ከከፈተው ባለቤቱ ይከሰስ ነበር፤ ብዙ የግንባታና የመጋዘን ሠራተኞች በዚህ ተይዘዋል። ለወጣቱ አንባቢያችን ብሎንህን አጥብቅ ያልነው ለዚህም ጭምር ነው።

ለጉዞ፦ ሰንጢው በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ በሚጫነው ሻንጣ ብቻ። አፉን በካርቶን ሸፍነው በላስቲክ ያስሩት፤ ሻንጣ የሚፈትሸውም ሰው ጣት አለው።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ። ሁሉም ሰንጢ ለቀኝ እጅ ነው የተሠራው። ምን ልግዛ? (ከጎንደር)

መልስ፦ አግዳሚ ዘንግ ያለውን፣ ወይም ቆላፊው እጀታው ጀርባ ላይ በአውራ ጣት የሚጫነውን። ሁለቱም ግራ ቀኝ አይሉም። ቀዳዳ ካለው ከሁለቱም ጎን ይከፈታል፤ ጉጥ ከሆነ በሁለቱም ጎን መውጣቱን ሱቅ ውስጥ ይዩ፤ ክሊፑ ወደ ሌላው ጎን እንዲዛወር የብሎን ቀዳዳዎቹ መኖራቸውንም እንዲሁ። የጎን ቆላፊ ካለው ግን ለግራኝ ተብሎ የተገለበጠውን ካላገኙ ይተዉት፤ በግራ እጅ ሲዘጋ አውራ ጣት ሳይሆን የሌባ ጣት ጫፍ ነው ስንጥቁ ውስጥ የሚገባው፣ እሱም ከአፉ መንገድ ለመውጣት ከአውራ ጣት ይዘገያል።